ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ መጨረሻው አፌ ላይ ስለሆነ እንዳያመልጠኝ። የከተማችንን ስም ግን አትጠይቁኝ። ስም ነበራት። ሹሞቹ ሊያሳድሱት ወስደውት እስካሁን አልመለሱትም፤ እኛም «እዚህ» እያልን እንኖራለን፣ ምንም አልጎደለብንም።

እዚህ ሰው አስራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ካርታ ያነሳል። የምትጫወቱበትን ካርታ አይደለም የምላችሁ፤ የሥዕል ካርታ ነው። ሌላ አገር ታሮት ይሉታል አሉ። እኛ «ውስጥ አውጪ» ነው የምንለው። ሲያምር ደሞ! ጨረቃ ላይ የሚያላዝኑ ውሾች አሉበት፣ መብረቅ የወረደበት ግንብ አለበት፣ በአንድ እግሩ ቁልቁል ተሰቅሎ ፊቱ ላይ ምንም ቅር ያላለው ሰውዬ አለበት፣ ነጭ ፈረስ ላይ ጉብ ያለ አጽም አለበት። ልጅ ሆኜ በካርታ ቤቱ መስኮት ተንጠልጥዬ ሳያቸው ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይገላበጥ ነበር። እማዬ «ትል ነው» ብላ ኮሶ ታጠጣኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ውስጥ፣ ከሆድ ከፍ ከልብ ዝቅ ብሎ፣ ባለቤቱ የማያውቀው ሌላ ሰው ተቀምጧል። ይመኛል፣ ይፈራል፣ ያልማል፣ አንዳንዴ ሳይጠሩት አቤት ይላል። ካርታው እሱን ነው የሚያወጣው። ድሮ ድሮ ሊቀ ካርታው «ምን ታያለህ?» ብሎ ጠይቆ ይጠብቅ ነበር አሉ። ሰውዬው ሥዕሉን ያያል፣ ያስባል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ የልጅነቱን ነገር ያነሳል። እና ወረፋው ረዘመ። አሁን ሊቀ ካርታው «ምን ታያለህ?» ይሉና መልሱን ራሳቸው ከደብተር ያነቡለታል። በጣም ፈጣን ነው። ሰው ውስጡን አውቆ ለመውጣት ሻይ እስኪፈላ አይፈጅበትም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ይሰጠዋል። ለውስጡ ማለቴ ነው። የካርታ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ውስጥ ሥራ ካልተሰጠው ይበሰብሳል» የሚል ጽሑፍ አለ። ጎረቤታችን ጋሽ ሙላት ግንቡ ስለደረሳቸው በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል የቤታቸውን ግድግዳ ያፈርሳሉ፣ ከዚያ ዝናብ እየመታቸው መልሰው ይገነባሉ። ባለቤታቸው ፍርስራሹ ላይ ምሳ ማቅረብ ለምዳለች። ፖስታ ቤት ያሉት ጋሽ በልሁ የተሰቀለው ሰውዬ ስለደረሳቸው በአንድ እግራቸው ቁልቁል ተንጠልጥለው ነው ደብዳቤ የሚሰጡት፤ ለመሳም ካልሆነ በስተቀር ችግር የለውም። አባባ ተካልኝ ደሞ አጽሙ ደረሳቸው። ስለዚህ የማያውቁት ሰው ቀብር ሳይቀር ይቆማሉ፣ ራሳቸው ግን መሞት አይፈቀድላቸውም፣ ሥራው ባለቤት እንዳያጣ። ዘጠና ሰባት ዓመታቸው ነው። ማመልከቻ አስገብተው መልስ እየጠበቁ ነበር።

ኧረ ዋናውን! እኛ ጋ ስምንት አልነበረም። ካርታዎቹ ላይ ቁጥር አለ፣ እና ከሰባት ቁጥር ቀጥሎ ያለው ዘጠኝ ቁጥር ነው። ድሮ አንድ ሊቀ ካርታ ይሄን አዩና «ውስጣችን የሌለ ነገር ውጭ ምን ይሠራል?» አሉ። በቃ፣ ስምንት ተሻረ። የኛ ቤት ቁጥር ሰባት ነው፣ የጋሽ ሙላት ዘጠኝ። ሰባት ዓመት ሞልቶኝ በዓመቱ ዘጠኝ ሆንኩ፤ ስለዚህ አስራ ስድስት ነኝ ስል የሌላ አገር ሰው በጣቱ ቆጥሮ «አስራ አምስት ነሽ» ሊለኝ ይችላል። ይበል። ከምሳ በኋላ፣ ከሰባት ሰዓት እና ከዘጠኝ ሰዓት መሀል፣ ስም የሌለው አንድ ሰዓት አለ። ያኔ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ምክንያቱም በሌለ ሰዓት ቆሞ መገኘት ነውር ነው። ሌላ ቦታ ሰው ሲማረር «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» ይላል አይደል? እኛ ከሰባተኛው ቀጥታ ዘጠነኛው ሺህ ነው የምንገባው። ሊቀ ካርታው በየበዓሉ ይሄን ሲነግሩን እናጨበጭባለን።

ሌላም የሌለን ነገር ነበር። እምቢታ። ማንም ሰው ካርታ አንስቶ እምቢታ ደርሶት ስለማያውቅ በመዝገብ ማንም ውስጥ የለም። ቃሉን የምናውቀው ከበቅሎ ነው። እሺ ግን በሽ ነው። ሦስት ዓይነት እሺ አለን፦ ዝም ብሎ እሺ፣ እያለቀሱ እሺ፣ እና ሰውዬው ከሄደ በኋላ በር ዘግተው የሚራገሙበት እሺ።

አሁን ስለ ትርሲት። ትርሲት ታላቅ እህቴ ናት። በዚህች ከተማ እንደሷ ወሬ የሚያውቅ አልተፈጠረም። ስታወራ እጇ ያወራል፣ ቅንድቧ ያወራል፣ ድስቱ ላይ ያለው ክዳን ሳይቀር አብሮ ያወራል። ካቻምና ካርታ አነሳች። የደረሳት ካርታ በግራና በቀኟ ዓምድ ቆሞ መሀል ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ አፏን ግጥም አድርጋለች፣ ከኋላዋ መጋረጃ አለ። ሊቀ ካርታ ድንበሩ «ምን ታያለሽ?» አሉና ደብተሩን ሊከፍቱ ሲሉ ትርሲት ቀደመቻቸው።

«ሳቋን አፍና የያዘች ሴት!» አለች። «ከመጋረጃው ኋላ የሆነ ሰው አስቂኝ ነገር እየነገራት ነው።»

ሊቀ ካርታው ደብተራቸውን አነበቡ። «ዝምታ» ይላል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርሲት ከቤት ስትወጣ አፏን በነጭ መሀረብ ታስራለች። ቤት ስትገባ ትፈታዋለች፣ የቀኑንም በአንዴ ትለቀዋለች። ይሄን ለምደነው ነበር። ችግሩ የመጣው የተራራዋ ሴትዮ ስትሞት ነው።

ከከተማው በላይ ተራራ አለ፣ ተራራው ላይ የዝምታ ቤት አለ፣ ግራና ቀኝ ዓምድ፣ መሀል ላይ ወንበር። እዚያ አንዲት ሴት ተቀምጣ ስለ ከተማው ዝም ትላለች። የወጣች አትወርድም፤ ሰውም አያናግራትም። ሴትዮዋ ስትሞት መዝገቡ ሲገለጥ ዝምታ ያላት ቀጣይ ሴት ትርሲት ሆነች። እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች ተባለ። እኔ ደሞ ካርታ የማነሳው ቅዳሜ፣ በዋዜማው ነው። ደስ ሊለኝ የሚገባውን ቀን አበላሹብኝ!

አርብ ዕለት እማዬ የትርሲትን ልብስ ታጥፋለች፣ ትርሲት እማዬ ያጠፈችውን ትፈታለች።

«አንቺ ልጅ፣ አስቸገርሽኝ!»

«እማዬ፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው የምጎለተው። ስድስት ቀሚስ ለማን ላሳይ? ለዓምዶቹ?»

«ይበርድሻል።»

«ሲበርደኝም አልናገር፣ ሲሞቀኝም አልናገር። ምን ለውጥ አለው?»

እማዬ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ወደ ቦታው መመለስ አቃተው። ትርሲት ይሄን አየችና ቀሚሱን ራሷ አጠፈችው፣ በጣም አስተካክላ።

«እኔም ያንቺ ካርታ ይድረሰኝና አብረን እንቀመጥ» አልኳት።

«ወለላ፣ ሞኝ ነሽ? አንቺ እዚያ ከወጣሽ ተራራው ራሱ መናገር ይጀምራል።» ጸጉሬን ጎተተችኝ። «ኮከቡ ይድረስሽ። እሁድ በር ላይ ቁሚ። እኔ ግን ዞሬ አላይሽም፣ ካየሁሽ እስቃለሁ፣ ከሳቅኩ ደሞ ይቀጡሻል።»

«አትሂጂ» ልላት ፈለግኩ። ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ሲወጣ ግን «እሺ» ሆኖ ወጣ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካርታ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ስለ ጠረጴዛው ልንገራችሁ። አናጢያችን ጨረቃዋ ስለደረሰችው የጠረጴዛ እግር ሲቆርጥ እኩል መሆኑን እርግጠኛ አይሆንም። ስለዚህ በከተማው ያለ ጠረጴዛ ሁሉ ይነቃነቃል፣ ሾርባ በአንድ እጅ ሳህኑን ይዘን ነው የምንጠጣው። የማይነቃነቀው ጠረጴዛ የካርታ ቤቱ ብቻ ነው። ሊቀ ካርታ ድንበሩ ሁሌ መዳፋቸውን ያሳርፉበትና «የሚነቃነቅ ጠረጴዛ የሚነቃነቅ እውነት ይወልዳል» ይላሉ። በጣም አጭር ሰውዬ ናቸው፣ ካባቸው ግን በጣም ረጅም ነው፤ ቆመው ይሁን ተቀምጠው የሚያውቁት ጸሐፊዋ እትዬ አልጣሽ ብቻ ናቸው ይባላል። እትዬ አልጣሽ ደሞ ብዕራቸውን ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው «ብዕሬን ያያችሁ?» የሚሉ ሴትዮ ናቸው።

«ወለላ!» ተባልኩ።

ቀረብኩ። ካርታዎቹ ፊታቸውን ደፍተው ተዘርግተዋል። ትርሲት ከኋላ መሀረቧን አስራ እያየችኝ ነው። አንዱን መረጥኩ፣ ልነካው ስል እጅጌዬ ጠረገውና ወደ ጠረጴዛው ሥር ሸርተት አለ።

«አንሺዋ» አሉ ሊቀ ካርታው።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ጨለማ ነው፣ የሊቀ ካርታው ጫማ ይታየኛል (የቆሙት በርጩማ ላይ ነው፣ አንድ ምስጢር አወቅኩ)። የወደቀውን ካርታ ስፈልግ ከጠረጴዛው አንድ እግር ሥር የታጠፈ ነገር አየሁ። ቆሽሿል፣ ተጨፍልቋል፣ ግን ጫፉ ላይ ቀለም አለ። ቢጫ። ጸጉር የመሰለ ቢጫ። የአንበሳ ጋማ! እናንተ ብትሆኑ አትጎትቱትም? ጎተትኩት።

ጠረጴዛው ዘንበል አለ። ካርታው ሁሉ እንደ ጎርፍ ወረደ፣ ቀለም የሞላው ብልቃጥ እትዬ አልጣሽ ጭን ላይ ተደፋ፣ አንድ ሰው «መሬት ተንቀጠቀጠ!» ብሎ በመስኮት ወጣ። እኔ ያንን የታጠፈ ነገር በእጄ ይዤ ብቅ አልኩ።

«አስቀምጪ!» ጮኹ ሊቀ ካርታው። «እሱ ካርታ አይደለም! ድጋፍ ነው!»

እትዬ አልጣሽ ተቀብለውኝ ዘረጉት። አገላበጡት። «ሊቀ ካርታ፣ ጀርባው ልክ እንደሌሎቹ ነው። ቁጥርም አለው።»

«ስንት ይላል?»

«ኧረ እኔ አልጠራውም! የልጆች እናት ነኝ።»

«በመዝገብ ሥልጣን አዝዤዎታለሁ፣ ይጥሩት!»

እትዬ አልጣሽ አይናቸውን ጨፈኑ። «ስም... ስምንት።»

እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ ያዙ። ከኋላ የአባባ ተካልኝ ድምፅ መጣ፤ «ይቅርታ፣ እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ከመጣ፣ መሞት ይቻላል ማለት ነው?»

«ይቀመጡ አባባ!»

«ቆሜ ነው የደከመኝ እኮ።»

ሊቀ ካርታው ወደ ግድግዳው አዩ። እዚያ ሌላ ጽሑፍ አለ፣ ራሳቸው ያጻፉት ነው፤ «እጅ ያነሳውን አፍ አይመልስም።» ያነሱት ካርታ ያልጣማቸው ሰዎች «ልቀይር» እያሉ ሲያስቸግሯቸው ነው ያጻፉት። አነበቡት። እንደገና አነበቡት። አልተቀየረም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ካርታውን ፊቴ አቆሙት።

«ምን ታያለሽ?»

እና ደብተራቸውን ገለጡ። ሰባትን አገኙ። ገጹን ገለበጡ፤ ዘጠኝ ነው። ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ሰባት ነው። ደብተሩ ውስጥ ለኔ የተጻፈ መልስ የለም። ሊቀ ካርታ ድንበሩ ቀና ብለው አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው፣ ያኔ ገባኝ፤ መልሱን ከኔ እየጠበቁ ነው! ሰውዬው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የማያውቁትን ነገር ጠየቁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ፣ አሳዘኑኝ።

ሥዕሉን አየሁት። አንዲት ልጅ አለች። እጇን አንበሳ አፍ ውስጥ ከታለች። አንበሳው ትልቅ ነው፣ እሷ ትንሽ ናት። መሀሉ ላይ የጠረጴዛው እግር የወጋው ክብ ጠባሳ አለ።

«አልፈራችም» አልኩ። «እየታገለችውም አይደለም። አንበሳው ሊበላ ነው፣ እሷ ደሞ... ቀስ ብላ...» ሆዴ ውስጥ ያ የልጅነቴ ነገር ተገላበጠ። ትል አልነበረም! ወደ ላይ መጣ፣ ጉሮሮዬ ጋ ደረሰ፣ እንደ ግሳት በራሱ ወጣ። «እምቢ እያለችው ነው።»

ከውጭ አንድ በቅሎ አናፋች። እውነቴን ነው።

እትዬ አልጣሽ ጻፉት። ጥቁር ቀለም የተደፋበት ቀሚሳቸው ላይ ብዕራቸውን ነክረው ጻፉት። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩና ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ሚጡ፣ ስምንት ከተመለሰ አንቺ እኮ አስራ አምስት ነሽ፤ ካርታ ለማንሳት አልደረስሽም» አሉኝ። «ለማንም አትንገሪ። እኔም አንዴ መዝግቤዋለሁ።»

እና ያው፣ ውስጥ ሥራ ካልተሰጠው ይበሰብሳል። ሹሞቹ እዚያው ቆመው ተማከሩ፣ የከተማው እምቢ ባይ አድርገው ሾሙኝ። ወንበር ተሰጠኝ፣ ማኅተም ተሰጠኝ። የሥራ ሰዓቴም ተወሰነ፤ ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ማንም ሌላ ቀጠሮ የለውም። በቀን አንድ እምቢ። እምቢታው በጽሑፍ ይቀርባል፣ ሊቀ ካርታው ግርጌው ላይ «እሺ» ብለው ይፈርሙበታል። ያልተፈረመበት እምቢታ እንደ በቅሎ ጩኸት ይቆጠራል።

ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ትርሲት እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች። እኔ ስምንት ሰዓት እገባለሁ። ዘልዬ እማዬ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

ሕዝቡ ሲበተን ሊቀ ካርታው መዝገቡን ሊዘጉ ጠረጴዛው ላይ ክንዳቸውን አሳረፉ፣ ጠረጴዛው ወደ አንድ ወገን ሄደባቸው። በሚነቃነቅ ጠረጴዛ መዝገብ አይዘጋም። ወረቀት አጥፈው ሞከሩ፣ ሳሳ። ድንጋይ ሞከሩ፣ ወፈረ። እኔ እዚያ ድረስ አይቼ ወጣሁ።

እሁድ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ወይኔ፣ ባያችሁን! ከተማው በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሰዓት ውጭ፣ ካርታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሰው የት እንደሚቆም አያውቅም። ሁሉም አይኑን አጨናብሷል። «ፀሐይዋ በዚህ ሰዓት እንዲህ ነበረች እንዴ?» ይላሉ ጋሽ ሙላት። ጋሽ በልሁ ደሞ እንደልማዳቸው ቁልቁል ተንጠልጥለው «ከዚህ በኩል ያው ናት» ይላሉ።

ትርሲት ነጭ ለብሳለች፣ መሀረቧ አፏ ላይ ነው። ተሸካሚዎቹ ወንበር ይዘው በር ላይ ቆመዋል። እኔም ካርታ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፄ እንደ ፍየል ግልገል ቀጠነ፣ ግን ወጣ።

«እምቢ። እህቴ ተራራ አትወጣም።»

እትዬ አልጣሽ ጻፉ። ሊቀ ካርታው «እሺ» ብለው ፈረሙ። እኔ ደስታዬን ሳልጨርስ ግን መዝገቡን ከፈቱ። «እምቢታሽ ተመዝግቧል። የዛሬው አልቋል፣ ሌላ የለሽም። ወንበሩ ግን ባዶ አያድርም። ዝምታ የደረሳት ቀጣይ ሴት ካርታዋን ይዛ ትውጣ። እትዬ አልጣሽ፣ የዝምታን ካርታ ያውጡ።»

እትዬ አልጣሽ ካርታዎቹን ፈለጉ። ከላይ ፈለጉ፣ ከታች ፈለጉ፣ ጸጉራቸው ውስጥ ሳይቀር ፈለጉ። ከዚያ በቁጥር ደረደሯቸው። አንድ አለ። ቀጥሎ ሦስት ነው።

ሁላችንም ጠረጴዛውን አየን። ቀጥ ብሎ ቆሟል። አይነቃነቅም።

«ሊቀ ካርታ» አሉ እትዬ አልጣሽ በቀስታ፣ «ከእግሩ ሥር ያለውን ላውጣው?»

«ይተዉት! ይነቃነቃል!»

ሊቀ ካርታ ድንበሩ ካባቸውን አስተካከሉ፣ በርጩማቸው ላይ ከፍ አሉ፣ እና የድሮው ሊቀ ካርታ ያሉትን አሉ። «ውስጣችን የሌለ ነገር ውጭ ምን ይሠራል?»

በቃ። ያ ቁጥር ተሻረ። ስሙን አልጠራላችሁም፤ አንድ ብላችሁ ሦስት ከማለታችሁ በፊት አፋችሁ ላይ የሚመጣው ነው። እስካሁን አንዴም እንዳልጠራሁት አስተውላችኋል? ከዝምታው ጋር አብሮ ተሻረ። ከአሁን በኋላ ማንም ውስጥ ዝምታ የለም፣ ትርሲትም ውስጥ። መሀረቧን ፈቱላት።

«ታዲያ ማን ይውጣ?» አሉ ተሸካሚዎቹ። ወንበሩ ከብዷቸዋል፣ ገና ማንም ሳይቀመጥበት።

ሊቀ ካርታው ዙሪያውን አዩ። አይናቸው እኛ ላይ አረፈ። እጄ የትርሲትን እጅ ያዘ፤ እምቢዬ አልቋል፣ ነገ ስምንት ሰዓት ድረስ ምንም የለኝም።

«አንቺ ሴት» አሉ እማዬን። «ስንት ሴት ልጅ አለሽ?»

«ሁ...» አለች እማዬ።

«እስስስስ!» አለ ሕዝቡ።

እማዬ አፏን ያዘች። ትርሲትን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ፊቷ ላይ ያላየሁት ነገር መጣ፤ በኋላ ሳስበው የትኛው ካርታ ላይ እንዳለ ልነግራችሁ አልችልም፣ ካርታ ያልተሣለለት ነገር ነው።

«ሦስት» አለች።

«ትርሲት አለች። ወለላ አለች። ሦስተኛዋስ?»

«ትብለጥ።» እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ትብለጥ ትባላለች። የመጨረሻዬ ናት።»

«አላየናትም እኮ።»

«አይን አፋር ናት።»

«ሰምተናትም አናውቅም።»

«እሱን ነው የምልዎት። ዝምተኛ ናት።»

ሊቀ ካርታው አገጫቸውን አሻሹ። «ካርታ አንስታለች?»

«አልደረሰችም።»

«ለመውጣት ትስማማለች?»

«ይጠይቋት» አለች እማዬ፣ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ እያሳየች።

ሊቀ ካርታው ወደ ባዶው ቦታ ጎንበስ ብለው «ትብለጥ፣ ልጄ፣ ትስማሚያለሽ?» አሉ። ጠበቁ። ከትናንት ጀምሮ መጠበቅ ለምደዋል። ከዚያ ቀና አሉ። «እምቢ አላለችም። ይጻፍ።»

በዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትብለጥን አወጣናት። አራት ሰው ወንበሯን ተሸከመ፣ ጃንጥላ ተያዘላት፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ዞር ብሎ እማዬን ተቆጣት፤ «ኧረ እትዬ፣ ልጅቷ ምንም አትከብድም! ምን አብልተው ነው ያሳደጓት?»

«ምግብ አይዘልቃትም» አለች እማዬ፣ እና አለቀሰች። የእውነት አለቀሰች! «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ስላት «ልጄን እኮ ነው የወሰዱብኝ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ፤ ምን ላድርግ፣ እህቴ ናት።

አሁን እዚህ እንዲህ ነው የምንኖረው። ጫማ በሦስት ነው የሚሸጠው። ጋሽ ሙላት ለዝምታው ቤት ሦስተኛ ዓምድ ሠሩ፤ በሕይወታቸው የማያፈርሱት ነገር ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነው፣ ስለዚህ በየቀኑ እየሄዱ ያዩታል። ማንም ውስጥ ዝምታ ስለሌለ ሁሉም ሰው በአንዴ ያወራል፣ የሚሰማ የለም፤ ትርሲት ብቻ ገበያ መሀል ቆማ «እስቲ እሱ ይናገር! እስቲ እሷ ትጨርስ!» እያለች ተራ ታስይዛለች። አባባ ተካልኝ አንድ ቀን በስምንት ሰዓት እኔ ጋ መጥተው ስለሳቸው እምቢ እንድል ለመኑኝ። «መኖርን እምቢ በይልኝ» አሉ። የዕለቱን እምቢ አስቀምጬ አብሬያቸው ቁጭ አልኩ፣ ስለ ሚስታቸው ሲያወሩልኝ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። በማግስቱም መጡ። እስካሁን እየመጡ ነው።

ዝምታ ስለተሻረ መከልከሉም ቀርቷል፤ እኔና ትርሲት እሁድ እሁድ ለትብለጥ ምሳ ይዘንላት ተራራ እንወጣለን። ሰው ሲያየን «ሰላም በሉልን፣ ምን ዓይነት ጎበዝ ልጅ ናት፣ አንድ ቃል እኮ አላወጣችም!» ይለናል። ምሳውን እኛ እንበላዋለን፣ ድርሻዋን ግን እናስቀርላታለን። ባለፈው እሁድ በልተን ስንጨርስ ትርሲት ከሦስቱ ዓምዶች መሀል ያለውን ወንበር እያየች፣ የሊቀ ካርታውን ድምፅ አስመስላ «ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

ደብተር የለንም። ስለዚህ ዝም ብዬ አየሁ፣ እስኪታየኝ ድረስ።

«ሳቋን አፍና የያዘች ልጅ» አልኳት።

ትርሲት አልቻለችም። መሬት ላይ ተንከባለለች፣ እኔም ተከተልኳት፣ ሳቃችን ከተማው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ወንበሩ ግን ምንም አላለም። ጎበዝ ናት፣ ቃሏን ትጠብቃለች።

ስንወርድ ግን ሁሌ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ላይ ሦስት ሆነን ውለን፣ እሷን ብቻዋን ትተናት እኮ ነው የምንወርደው።